የጳጉሜን ሦስት ውሃ

የበደለችኝ ሴት ስሟ ጥሩነሽ ነው። ነገሩ የጀመረው በ1976 ዓ.ም. ጳጉሜን ሦስት ቀን፣ አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ሊያከብር አራት ቀን ሲቀረው ነው። በሕይወት ሳለች "እትዬ ጥሩነሽ" እያልኩ በአንቱታ ነበር የማነጋግራት። መንገድ ላይ ስንገናኝ ጥግ ይዤ አሳልፌያታለሁ፤ ጎንበስ ብዬም ሰላም ብያታለሁ። አሁን ሞታለች። ከእንግዲህ አንቱታው ይቅር።

ባለፈው ነሐሴ ለቅሶዋ ላይ ተቀምጬ ነበር። ድንኳኑ የተተከለው ቦሌ ሚካኤል፣ ከቤቷ ደጃፍ ላይ ነው። ሰፈሩ ዛሬ ፎቅ በፎቅ ሆኗል፤ መንገዱም ድንጋይ ተነጥፎበታል። ልጆቹ የድንኳኑን ካስማ ለመትከል ድንጋዩን ነቅለውት ስለነበር ከሥሩ ያ የጥንቱ ጥቁር አፈር ብቅ ብሏል። ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል፤ ውሃው በነቀሉት በኩል ይገባል። ከዚያ ሽታው መጣ። የዛገ ብረት፣ የበሰበሰ ሣር፣ እርጥብ ልብስ። አርባ ዓመት ያልሸተተኝ ሽታ ነበር።

አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ለሌላዋ ታወራለች።

"ልጇን ምሕረትን እኮ በሩፋኤል ውሃ ነው ያተረፈቻት። በዚያ ዘመን፣ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ሆና! ሐኪም ቤት መልሷት ነበር አሉ።"

"መሬት ያልነካ ውሃ ከየት አገኘች?"

"እሱን አንድዬ ይወቅ።"

"አንድዬ ያውቃል" አልኩ እኔም። ንፍሮዬን በላሁ።

ምሕረት ትልቅ ሴት ሆናለች። ለሚ ኩራ ኮንዶሚኒየም ደርሷት ልጆቿን እዚያ ታሳድጋለች። አቅፋኝ አለቀሰች። ፊቷ የእናቷ ነው። እኔም ደህና አድርጌ አቀፍኳት፤ እሷ ምን አደረገችኝ።

አባቴ አቶ ወንድሙ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነበር። የምንኖረውም ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር በተያያዘ የጭቃ ቤት ውስጥ ነው። የእኛን ግድግዳ የምትጋራው ጎረቤት ጥሩነሽ ናት። ከእኛ ወዲያ ከተማው ያልቅ ነበር። ከቤታችን ጓሮ ጤፍ ይዘራል፤ ከጤፉ ወዲያ የአውሮፕላን ማረፊያው ሽቦ ይታያል። ክረምት ክረምት ያ ሜዳ በሙሉ ውሃ ይተኛበታል። ጫማ ከነእግር ይዞ የሚያስቀር ጭቃ ነው። እኔ ከሐምሌ እስከ መስከረም ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው የሄድኩት።

እናቴ የሰው ልብስ ታጥብ ነበር። የአየር መንገድ ሰዎች የሚኖሩባቸው ቪላዎች ነበሩ፤ አንሶላቸውን እያመጣች በእንሥራ ውሃ ታጥባለች። በክረምት ልብስ አይደርቅም። ከአልጋው በላይ ገመድ ተወጥሮ የማናውቃቸው ሰዎች ሸሚዝና አንሶላ ፊታችን ላይ እየተንጠባጠበ እንተኛለን። ቀን ቀን በከሰል ካውያ ትተኩሰዋለች። የዚያ እንፋሎት ሽታ ለእኔ የክረምት ሽታ ነው። ፀሐይ ለአፍታ ብልጭ ስትል "በላይነሽ! ገመድ!" ብላ ትጠራኛለች፤ ሁሉንም አውጥተን ሰቅለን ሳንጨርስ ተመልሶ ይጥላል። እናቴ ሰማዩን ቀና ብላ አይታ "አንተ ደግሞ ሥራ የለህም?" ትለዋለች። ከእሷ የሰማሁት ቀልድ ያ ብቻ ነው።

አባቴ ከዘበኝነቱ ሌላ ሥራ ነበረው። ዝናብ ይለካ ነበር።

ከትምህርት ቤቱ ሜዳ መካከል፣ ከዛፍም ከጣራም ርቆ፣ በሽቦ የታጠረ አንድ ነገር ተተክሏል። ጉልበቴ ላይ የሚደርስ የብረት ጣሳ ነው። ከላይ አፉ ሰፊ፣ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ቆርቆሮ አለው፤ ውሃው በዚያ አልፎ ውስጡ ባለው ጠርሙስ ይጠራቀማል። የአጥሩ በር በቁልፍ ይዘጋል። በየቀኑ ልክ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይከፈታል፤ ከዚያ በፊትም በኋላም አይነካም። አባቴ ውሃውን መስመር ወዳለበት ብርጭቆ ገልብጦ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ያነባል፣ ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ ውሃውን መሬት ላይ ደፍቶ ይቆልፋል። ወሩ ሲያልቅ ወረቀቱን ወደ ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ይልካል። መሥሪያ ቤቱ ሰው ልኮ አንድ ቀን አሠልጥኖት ነበር። አባቴ ያችን አንድ ቀን ሌላ ሰው ዲግሪውን እንደሚያነሳው ነበር የሚያነሳት።

በዚያ ክረምት ዓይኑ ላይ ሞራ ወጣበት። ስለዚህ መስመሩን የማነብለት እኔ ሆንኩ። አሥር ዓመቴ ነበር። ጭቃው ላይ ተንበርክኬ ብርጭቆውን ከዓይኔ እኩል እይዛለሁ፤ እሱ ከኋላዬ ቆሞ ይጠብቃል።

"ጠርዙን አትመልከቺ፤ ጠርዙ ይዋሻል" ይለኛል። "ውሃው መሃል ላይ ጎድጎድ ይላል። ሆዱ እሱ ነው። ሆዱን አንብቢ።"

"አሥራ አራት ነጥብ ሁለት።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ አባዬ።"

"ጻፍኩት። ከተጻፈ በኋላ አይሰረዝም።"

ለምን እንደምንለካ አንድ ቀን ጠየቅኩት። "የሁላችንም ቁጥር ይደመርና የአገሩ ዝናብ ይታወቃል" አለኝ። እኔ የገባኝ በሌላ መንገድ ነው። ተደምሮ የሚካፈል መሰለኝ። በዚያ ክረምት ትልልቅ ሰዎች ስለ ሰሜን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚያወሩት። ዝናብ ጠፍቷል፣ ሰው እየሞተ ነው ይባላል፤ እኔ ስገባ ዝም ይላሉ። እናቴ ካውያውን እያራገበች "ይኸ ሁሉ ውሃ እዚህ ይተኛል፤ እዚያ ጠብታ የለም" ስትል ሰምቻለሁ። እንግዲህ የእኛ ቁጥር ከፍ ሲል ለእነሱም የሚደርሳቸው ከፍ ይላል ብዬ አሰብኩ። ካፊያ ብቻ የጣለ ቀን፣ ሰረዝ ብቻ ስንጽፍ፣ አዝን ነበር።

ሌላም የተሳሳትኩት ነገር አለ። ወረቀቱ የታተመው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ጳጉሜን ሲገባ ወረቀቱን አገላብጬ ብፈልግ ጳጉሜን የለችም። አሥራ ሁለት ወር ብቻ። ስለዚህ የጳጉሜን ዝናብ የማይቆጠር መሰለኝ። ባለቤት የሌለው ዝናብ።

ጥሩነሽ ያን ጊዜ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ረጅም፣ ቀይ፣ ድምፀ ወፍራም። ከካኪ ኮቷ አትለይም። ስብሰባ የቀረ ሰው ስሙን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ከስኳር ተራ ታስወጣዋለች። ሰፈሩ ይፈራት ነበር። አራት ጊዜ አርግዛ አራቱም እንደወረደባት ግን ሁሉም ያውቃል። በዚያ ክረምት አምስተኛው ነበር፤ ስድስት ወር አልፎታል። ከዚያ በፊት ስድስት ወር የደረሰ አልነበራትም።

ጳጉሜን ሦስት ሩፋኤል ነው። ሰማይ የሚከፈትበት ቀን ነው ይባላል፤ የዚያን ቀን ዝናብ ጠበል ነው። ልጆች ራቁታቸውን ወጥተው በዝናቡ ይመታሉ። ሴቶች ሳፋ አውጥተው ያስቀምጣሉ፤ ከጣራ የወረደ፣ መሬት የነካ አይሆንም፤ በቀጥታ ከሰማይ የወረደውን ነው የሚፈልጉት። በተለይ ያረገዘች ሴት። ሩፋኤል ማሕፀን ይፈታል።

በዚያ ዓመት ግን ጥሩነሽ ራሷ በዚያ ቀን ጠዋት ለአብዮቱ በዓል የመዝሙር ልምምድ ጠራች። ሴቶችም ልጆችም ቀበሌ አዳራሽ ገባን። አራት ሰዓት ላይ ዝናቡ መጣ። በቆርቆሮው ጣራ ላይ ሲወርድ መዝሙሩ አይሰማም። የሴቶቹ ዓይን በሙሉ ወደ ጣራው ሄደ። አንዷ ተነስታ ወደ በሩ ስትጠጋ ጥሩነሽ በሩን በጀርባዋ ዘጋች።

"ማንም አይወጣም! ልምምዱ አላለቀም!"

"ሳፋዬን ብቻ..."

"የምን ሳፋ? አብዮቱ በሳፋ አይጠበቅም!"

ከኋላዬ አንዲት አሮጊት "ሩፋኤል ሆይ፣ ስብሰባ ላይ ነን" ብላ አንሾካሾከች። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። እኔ ግን ጥሩነሽን እያየኋት ነበር። እሷም ጣራውን እያየች ነበር። እጇ ኮቷ ላይ፣ ሆዷ ላይ ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል ወረደና ቀጥ አለ። ስንወጣ ፀሐይ ነበር። ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ አልዘነበም።

ከሰዓት በኋላ አባቴ የመንገድ ዳር ድንጋይ ኖራ እንዲቀባ ተጠርቶ ሄደ። እናቴ ትተኩሳለች። ጥሩነሽ በትምህርት ቤቱ በር ገባች። ኮቷ ውስጥ የአረቄ ጠርሙስ ይዛለች።

"በላይነሽዬ፣ የኔ እናት። አባትሽ የሉም?"

"የሉም እትዬ።"

"ያ ጣሳ... የዛሬው ውሃ አለበት አይደል?"

"አለበት። ግን ነገ ሦስት ሰዓት ነው የሚከፈተው።"

"ቁልፉ የት ነው?"

ቁልፉ አንገቴ ላይ፣ ቀሚሴ ውስጥ ነበር። ዙሪያዋን አየች። ከዚያ እጄን ይዛ በኮቷ ውስጥ አስገብታ ሆዷ ላይ አደረገችው። ገፋኝ። ከውስጥ አንድ ነገር እጄን ገፋኝ።

"ይኸው፣ እራሷ እየለመነችሽ ነው" አለች። ድምፁ የእሷ አይመስልም ነበር። "አራቱን አጥቻለሁ በላይነሽ። ይህችን ካጣሁ አልነሳም።"

ጳጉሜን ወረቀቱ ላይ የለችም ብዬ አሰብኩ። ከፈትኩላት።

እዚያው ቆማ ከጠርሙሱ ተጎነጨች፤ ቀሚሷን ገልጣ ሆዷን ቀባች፤ የቀረውን በአረቄ ጠርሙሷ ገልብጣ ከደነች። ጠብታ አላስቀረችም።

"ለማንም እንዳትናገሪ። ለእናትሽም። ማርያምን በይ።"

"ማርያምን።"

የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ነች ያስማለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ደስ ብሎት ነበር። "ትናንት ደህና አድርጎ ወርዷል። እስቲ ስንት እንደሆነ እናያለን።"

"ጳጉሜን እኮ ወረቀቱ ላይ የለችም አባዬ።"

"ወረቀቱ ነው እንጂ የፈረንጅ፣ ዝናቡ የኛ ነው" ብሎ ሳቀ። "በእነሱ ሴፕቴምበር ስምንት ነው የሚባለው። መጻፉ አይቀርም።"

እሱ በሩ ጋ ከሰው ጋር ሲነጋገር ቀድሜ ሮጥኩ። ጠርሙሱ ደረቅ ነው። ከአጥሩ አጠገብ የትምህርት ቤቱ ቧንቧ አለ። ወድቆ ባገኘሁት ባዶ ቆርቆሮ ቀድቼ ጨመርኩ። ስንት እንደነበር አላውቅም። ትንሽ ካደረግኩት ያ ሁሉ ዝናብ ወርዶ እንዴት ይሆናል አልኩ። ከዚያ ደግሞ የሰሜን ሰዎች ትዝ አሉኝ። ቆርቆሮውን ሞልቼ ደገምኩ።

አባቴ መጣ። አሥር የሚይዘውን ብርጭቆ አራት ጊዜ ሞልተን ገለበጥን፤ አምስተኛውን አነበብኩ።

"አርባ አንድ።"

"አርባ አንድ?" መሬቱን አየ። ሰማዩን አየ። "እስቲ ድገሚ።"

"አርባ አንድ ነው አባዬ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

ጻፈው። ከዓይኑ ይልቅ የእኔን ዓይን ያምን ነበር።

በዓሉ አለፈ። አደይ አበባ ሜዳውን ሸፈነው፤ ጭቃው መሰነጣጠቅ ጀመረ። የጥቅምት ነፋስ መጥቶ የእናቴን ገመድ አንድ ጊዜ ከነልብሱ ወደ ጤፉ ማሳ ወሰደው። ያኔ ነው ደብዳቤው የመጣው። አባቴ የፖስታ ሣጥን ስለሌለው ደብዳቤ በቀበሌው በኩል ነበር የሚመጣለት። ቀበሌው ከፍቶ አነበበው። ሦስት መስመር ነው፦ በዚህ ቀን የላኩት ቁጥር በአቅራቢያው ካለው ጣቢያ ጋር በጣም ስለሚራራቅ፣ ስህተት ካለ ቢያስረዱን። ሌላ ምንም የለውም። በኋላ ራሴ አንብቤዋለሁ፤ በትሕትና የተጻፈ ነበር።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ታደሰ ይባላል። አባቴን አስጠራው። እኔንም አባቴ ይዞኝ ሄደ፤ ያነበብኩት እኔ ስለሆንኩ። ከጠረጴዛው ኋላ አራት ሰዎች ተቀምጠዋል። ከአራቱ አንዷ ጥሩነሽ ናት። ኮቷ አልዘጋ ብሏታል።

"በየቀኑ ቁጥር እየጻፍክ ትልካለህ" አለ ጓድ ታደሰ።

"አዎ ጓድ።"

"በፈረንጅ ቀን።"

"ወረቀቱ ነው እንዲያ የታተመው።"

"አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ተቀምጠህ።"

"ቤቴ እዚያ ነው ጓድ።"

"ሕዝብ በድርቅ እያለቀ አንተ የውሸት ዝናብ ትልካለህ። ይኸ አሻጥር አይደለም? ለማን ብለህ ነው?"

በዚያው ሰሞን ረሃቡ በሬዲዮ መነገር ጀምሮ ነበር። እኔ አርባ አንዱ እዚያ አለመድረሱ የታወቀ መሰለኝ። ፈልገውት አጥተውት መሰለኝ። አባቴ "ጣሳው ያለውን ነው የጻፍኩት" አለ። ደግሞ ጠየቁት፤ ደግሞ ያንኑ አለ። አንዱ አብዮት ጠባቂ ወደ እሱ ተጠጋ። ያኔ አልቻልኩም።

"እኔ ነኝ! ውሃውን እትዬ ጥሩነሽ ወሰዱት። የሩፋኤል ነው ብለው። እኔ ከቧንቧ ሞላሁበት።"

ጓድ ታደሰ ወደ እሷ ዞረ። "ጓድ ጥሩነሽ?"

እኔም አየኋት። እጄን ሆዷ ላይ ያደረገችው ሴት ናት ብዬ ነበር የማያት። አላየችኝም። ከእኔ በላይ ግድግዳውን አየች።

"ይህች ልጅ አስጠንተዋት ነው የመጣችው" አለች። "ጠበል ለእኔ? እኔን በአድኃሪ እምነት ለማስመታት ነው። አባቷ ነው ያስጠናት። ማንም ሳይጠይቀኝ እናገራለሁ ጓዶች፤ ጎረቤቱ ነኝ። ይኸ ሰው ጠዋት ጠዋት ሜዳ ላይ ቆሞ ሰማይ ሰማይ እያየ ሲጽፍ በዓይኔ አይቻለሁ። አውሮፕላን ሲነሳም ሲያርፍም።"

ብትክድ ይገባኝ ነበር፤ ፈርታለች። ያችን የመጨረሻዋን ግን ማንም አልጠየቃትም። ራሷ ነች የጨመረችው።

አባቴ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። "ልጅቷን ተዉአት" አለ። "ምንም አታውቅም። ውሃውን የሞላሁት እኔ ነኝ። ወርዶ ስለፈሰሰብኝ ነው። እኔ ነኝ።"

"ጻፍ" አለ ጓድ ታደሰ ለጸሐፊው።

አባቴን አስረው ያቆዩት ከአዳራሹ ኋላ ባለ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። ወለሉ አፈር ነው፤ ቆርቆሮው ከግድግዳው ጋር አይገጥምም። ቁርስ የማደርስለት እኔ ነበርኩ። የቦሌ ሜዳ ኅዳር ላይ ምን እንደሚመስል የዛሬ ሰው አያውቅም፤ ሕንፃው አሙቆታል። ያኔ ጠዋት ሳሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። በመጀመሪያው ቀን ሰው ጨው የበተነ መስሎኝ ቀምሼዋለሁ። ውርጭ ነው። ምላሴ ደነዘዘ። ከዚያ ያ ነጭ ነገር አባቴ ከሚተኛበት በር ሥር ድረስ መድረሱን አየሁ። ጋቢውን አንድ አብዮት ጠባቂ ወስዶበት ነበር፤ ኬሻ ለብሶ ነው የሚያድረው።

በበሩ ቀዳዳ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው።

"ለካሽ?"

"ለካሁ። ዜሮ ነው።"

"ዜሮም ይጻፋል። እንዳትዘይው።"

ታኅሣሥ ላይ ለቀቁት። ክስም ፍርድም የለም፤ "ሂድ" ብቻ። በዚያው ሳምንት፣ ከቀትር በኋላ፣ በግድግዳው ወዲያ ሦስት ጊዜ እልል ተባለ። ሴት ናት ማለት ነው። ወዲህ አባቴ እያሳለ ነበር። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ልትጠይቅ ተነሳች።

"እንዴት ትሄጃለሽ?" አልኳት።

"ነገ ደግሞ ሊጠሩት ይችላሉ" አለችኝ። "አንቺም ትመጫለሽ።"

ሄድኩ። አራሷ አልጋ ላይ ናት። ሕፃኗን አሳየችን። "ምሕረት ብያታለሁ" አለች። እናቴ "ታድግልሽ" አለች። እኔም "ታድግልዎት" አልኩ።

የካቲት በአቧራ አለፈ። መጋቢት ላይ በልጉ በበረዶ ጀመረ፤ የአባቴ ሳል አብሮ ባሰ። ዘበኝነቱን መልሰውለት ነበር፤ ግን በሩ ጋ ተቀምጦ ነው የሚውለው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በክንዴ ተደግፎ ጣሳው ድረስ ይመጣል። ሰኔ ላይ ያንንም ተወ። ሐምሌ አሥራ ሰባት ሞተ።

የቀብሩ ዕለት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሄጄ ለካሁ። ሃያ ሦስት ነጥብ ስድስት።

ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶ ነበር። በጥቁር አፈር በሐምሌ መቃብር ሲቆፈር ውሃው ከጎን ይመነጫል። ወንዶቹ በጣሳ ይጨልፋሉ፤ መልሶ ይሞላል። ቄሱ ቆመው ይጠብቃሉ። በመጨረሻ "ከዚህ በላይ አይቻልም" ተባለና ሣጥኑን ውሃው ላይ አወረዱት። ሲነካው ድምፅ አሰማ። ከሁሉ ጮክ ብላ ያለቀሰችው ጥሩነሽ ናት። "ወንድሜ! ደጉ ጎረቤቴ!" እያለች ደረቷን ደቃች።

አዲስ ዘበኛ ተቀጠረ። ማንበብ አይችልም ነበር፤ ዳይሬክተሩ "እስከዚያው አንቺ ያዢው" ብለው ቁልፉን አልወሰዱብኝም።

ሩፋኤል ዞሮ መጣ። 1977፣ ጳጉሜን ሦስት። በዚያ ዓመት ልምምድ አልነበረም። ጠዋት ከለካሁ በኋላ ዘነበ፤ ሴቶቹም ሳፋቸውን አወጡ። ምሕረት ዘጠኝ ወሯ ነበር። ሳምንት ሙሉ ተቅማጥና ትኩሳት ይዟት፣ ሐኪም ቤት አንድ ጊዜ ተቀብሎ አንድ ጊዜ መልሷት፣ በግድግዳው በኩል ለቅሶዋ ቀጥኖ ቀጥኖ ጠፍቶ ነበር። ቀትር ላይ ጥሩነሽ በትምህርት ቤቱ በር ገባች። ኮት አልለበሰችም። ሕፃኗን አዝላለች፤ የሕፃኗ አንገት ወደ ጎን ወድቋል። በእጇ ያው የአረቄ ጠርሙስ።

"በላይነሽዬ።"

"አቤት እትዬ።"

"ከጣሳው ትንሽ ስጪኝ።"

"ዛሬ ሳፋ አላወጡም?"

"አውጥቼ ነበር። አጥቤአታለሁ፤ ምንም አልሆነላት። እሷን ያወጣልኝ የዚያኛው ነው። ያው ከጣሳው።"

"የቱ የዚያኛው?"

ያዘለቻትን ሕፃን አንገት በእጇ ቀና አደረገች።

"አባቴ አስጠንቶኝ ነው የተናገርኩት ብለዋል። የቱ ነው የዚያኛው?"

"በላይነሽ፣ ልጄ ልትሞት ነው።"

"የቱ?"

ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። ማንም የለም። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "አምና የወሰድኩት" አለች። "ከአባትሽ ጣሳ። የሰጠሽኝ።" ጭቃው ላይ ተንበረከከች። እግሬን ለመያዝ እጇን ዘረጋች፤ ወደ ኋላ አልኩ።

ሕፃኗን አየኋት። ዓይኗ ግማሽ ክፍት ነበር። አምና እጄን የገፋችኝ እሷ ናት።

"ይጠብቁኝ" አልኩ።

ጠርሙሱን ተቀብዬ ወደ ሽቦው አጥር ሄድኩ። የአጥሩን በር ከፈትኩ፤ ድምፁን እንድትሰማ ነው። ጣሳውን አልነካሁም። ጀርባዬን ሰጥቻት፣ ጎንበስ ብዬ ከአጥሩ አጠገብ ካለው ቧንቧ ጠርሙሱን ሞላሁ። በሩን ቆለፍኩ። አምጥቼ ሰጠኋት። እዚያው ተንበርክካ ሕፃኗን ከጀርባዋ አውርዳ በጣቷ አፏ ውስጥ ጨመረችላት፤ ግንባሯን ቀባቻት። የእኔን እጅ ሳመች። ሕፃኗ በሦስተኛው ቀን ጡት ያዘች። ጥሩነሽ እስክትሞት ድረስ ሩፋኤልን ስትዘክር ኖረች፤ በየዓመቱ እኔንም ትጠራኝ ነበር፤ ሄጄ በልቻለሁ።

ጳጉሜን አራት ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጣሳውን ከፈትኩ። ውሃው እንዳለ ነበር። ወደ ብርጭቆው ገልብጬ ተንበርክኬ ሆዱን አነበብኩ። ዘጠኝ ነጥብ አራት። ወረቀቱ ላይ፣ በሴፕቴምበር ስምንት መስመር ላይ፣ ጻፍኩት። ከዚያ ውሃውን መሬት ላይ ደፋሁና ቆለፍኩ።